ሻሩክ ካን በዓለም ሲኒማ ላይ ምን አደረገ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ህንዱ የፊልም ተዋናይ ሻሩክ ካን ክርክር ሲነሳ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «ከሱ በላይ ኮከብ የለም፣ ሆሊውድ ራሱ ይቀናበታል» ይላል። ሌላው «አንድም የሆሊውድ ፊልም ያልሠራ ሰው በዓለም ሲኒማ ላይ ምን ተፅዕኖ ሊኖረው ነው?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም የሚለኩት በሆሊውድ ሜትር ነው፣ እኔ የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። አድናቂ መሆኔን አልደብቅም፤ ጭፍን ግን አይደለሁም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር ሻሩክ ካን ማነው?

በ1965 ዴልሂ ነው የተወለደው። ፊልም ቤተሰብ ውስጥ አላደገም። የሂንዲ ፊልም መዲና በሆነችው ቦምቤ (ሙምባይ) ላይ በር የሚከፍትለት አባትም አጎትም አልነበረውም፤ የዚያችን ከተማ የፊልም ዓለም፣ ቦሊውድን፣ ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ1989 «ፋውጂ» በሚባል ስለ ወታደር ምልምሎች በተሠራ ተከታታይ ድራማ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ። የመጀመሪያ ፊልሙ «ዲዋና» በ1992 ወጣ።

ከዚያ የመጣው ነው የሚገርመው። በ1993 የመጥፎ ሰው ሚና ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። «ባዚጋር» ላይ የምትወደውን ልጅ ከፎቅ ወርውሮ ይገድላል። «ዳር» ላይ ደግሞ አንዲት ሴት እየተከታተለ መግቢያ መውጫ የሚያሳጣ፣ ስሟን ሲጠራ የሚንተባተብ ሰው ነው። ተመልካቹ አክተሩን ትቶ እሱን ወደደው! በ1995 ያው ገዳይ ልጅ የህንድ እናቶች ሁሉ ለልጃቸው የሚመኙት ባል ሆነ። ከክፋት ወደ ፍቅር በዚህ ፍጥነት የተሻገረ ኮከብ ብዙ አላውቅም።

ሆሊውድ ላይ ሠርቶ ያውቃል?

የለም። አንድም።

ዕድሉ ግን ደጁ ድረስ መጥቶ ነበር። «ስላምዶግ ሚሊየነር» በተባለው ፊልም ላይ የጥያቄና መልስ ውድድሩን የሚመራውን ሰውዬ እንዲጫወት ተጠይቆ እምቢ አለ፤ ሚናውን አኒል ካፑር ወሰደው። ምክንያት ነበረው። ያንኑ ውድድር በእውነተኛው የህንድ ቴሌቪዥን ላይ በ2007 ራሱ መርቶታል፣ ፊልሙ ላይ ያለው አቅራቢ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። ትናንት ሕዝብ ፊት ያቀረብከውን ፕሮግራም ዛሬ አጭበርባሪ ሆነህ መመለስ ይከብዳል። ያም ሆኖ ቂም አልያዘም፤ በ2009 የጎልደን ግሎብ መድረክ ላይ ቆሞ ፊልሙን ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ታዲያ ተፅዕኖው የቱ ጋ ነው?

ከሁሉም በላይ የህንድ ፊልም ለማን እንደሚሠራ የለወጠ ሰው ነው። ይሄን ለመረዳት በጥቅምት 1995 ወደወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃንያ ሌ ጃዬንጌ» መሄድ ግድ ነው። አድናቂው «ዲዲኤልጄ» ብሎ ያሳጥረዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ራጅና ሲምራን ሁለቱም ለንደን ነው የሚኖሩት። አውሮፓን በባቡር ሊዞሩ ወጥተው ይገናኛሉ፣ ስዊዘርላንድ ላይ ባቡር ያመልጣቸዋል፣ የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። እሷ ግን ፑንጃብ ላለ ልጅ ገና ድሮ ታጭታለች። አባቷ ነገሩን ሲሰማ ቤተሰቡን ሰብስቦ ወደ ህንድ ይመለሳል፣ ራጅም ተከትሏት ይሄዳል።

አሁን ልብ በሉ። እናቷ ራሷ ይዟት እንዲጠፋ ትለምነዋለች። እሱ እምቢ ይላል። አባቷ እጇን ካልሰጠኝ አልወስዳትም ነው ነገሩ። ሰርጉ ቤት ገብቶ ውሃ ይቀዳል፣ ከአክስቶች ጋር ያወራል፣ ሽማግሌዎቹን ያጫውታል፣ ቀስ በቀስ የቤት ልጅ ይሆናል። ማንነቱ ሲታወቅ ተደብድቦ ይባረራል። መጨረሻው ባቡር ጣቢያ ነው፦ ራጅ ደም በደም ሆኖ ባቡሩ በር ላይ ቆሟል፣ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ ሲምራን ታለቅሳለች፣ አባትየው እጇን ጨብጦ ይዟታል። የአባትየውን ፊት ካሜራው ይጠጋዋል። ከዚያ እጇ ይለቀቃል። ስንቴ አይታችሁት ቢሆን ያቺ ሩጫ ላይ ሆድ ይባባል።

ከዚህ ፊልም በፊት ውጭ የሚኖር ህንዳዊ በሂንዲ ፊልም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ባህሉን የረሳ፣ የሚጠጣና የሚያጨስ፣ አገሩን የናቀ ሰው ተደርጎ ነበር የሚሣለው። ራጅ ለንደን አድጎ፣ ሌዘር ጃኬት ለብሶ፣ ቢራ ጠጥቶ፣ ግን አባቷን ሳያስፈቅድ ንቅንቅ የማይል ልጅ ሆነ። ለንደን፣ ቶሮንቶ፣ ኒው ጀርሲ፣ ዱባይ ያለው ህንዳዊ ራሱን አየ። ልጆቹን ይዞ ሲኒማ ቤት ሄደ።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። አንድ ትኬት በፓውንድ ሲሸጥና በሩፒ ሲሸጥ እኩል አይደለም። የቦምቤ አዘጋጆች የውጭውን ገበያ ቁጭ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1998 የወጣው «ዲል ሴ» አገር ቤት ከስሮ እንግሊዝ ውስጥ አሥሩ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከህንድ ፊልም የመጀመሪያው ነበር። አስቡት፣ የራሱ አገር ሰው ፊት የነሳው ፊልም ለንደን ላይ ሰልፍ ያሰልፋል። ከዚያ በኋላ ኒውዮርክና ለንደን ላይ የተቀረፁ፣ ውጭ ስለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚያወሩ ፊልሞች ጎረፉ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ያው ልጅ አለ፦ «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም»፣ «ካል ሆ ና ሆ»፣ «ካቢ አልቪዳ ና ኬህና»።

ዲዲኤልጄ ቦምቤ ውስጥ ማራታ ማንዲር በሚባል ሲኒማ ቤት ታኅሣሥ 2014 ላይ አንድ ሺህ ሳምንት ሞላው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ለንደን ሌስተር አደባባይ ላይ የራጅና የሲምራን ሐውልት ቆመ። ሃሪ ፖተርና ሜሪ ፖፒንስ በቆሙበት አደባባይ ማለት ነው።

እውነት ስዊዘርላንድ በሱ ፊልም ምክንያት ነው በህንዳውያን የተሞላችው?

ግማሹ እውነት ነው። ቁልፉ ሰው አዘጋጁ ያሽ ቾፕራ ነው። ስዊዘርላንድን ከዲዲኤልጄ በፊትም ይቀርፅባት ነበር፤ ኢንተርላከን ከተማ ላይ ሐውልቱ ቆሞለታል፣ ባቡርም በስሙ ተሰይሞለታል። ግን ተራራውንና ድልድዩን እያንዳንዱ ህንዳዊ ጭንቅላት ውስጥ የተከለው ዲዲኤልጄ ነው፣ ዛሬም ሳነን በምትባል ትንሽ ከተማ ፊልሙ ላይ ያለችው ድልድይ ላይ ቆመው ፎቶ የሚነሱ አሉ። የማሌዥያዋ ማላካ ግዛት በበኩሏ ለቱሪዝም ላደረገው ነገር በ2008 «ዳቱክ» የሚል የክብር ማዕረግ ሰጥታዋለች። እኛ ደግሞ ግራዝማች ብንለው ምን ነበረበት?

ጀርመኖች እንዴት ነው የወደዱት? ህንድ ጋር ምን አገናኛቸው?

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም «የሚያዩት ስደተኛ ህንዳውያን ብቻ ናቸው» የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

በ2004 አርቴኤል ሁለት የተባለ የጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያ «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም»ን በጀርመንኛ አስተርጉሞ አሳየ። አባቱ ያባረረው ማደጎ ልጅ፣ በድብቅ የምታለቅስ እናት፣ ለንደን ድረስ ወንድሙን ፍለጋ የሚሄድ ታናሽ። የጀርመን ሴቶች ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ጣቢያው ሌላ ጨመረ፣ ሌላ፣ ሌላ። ዲቪዲው ተሸጠ፣ የአድናቂ መጽሔት ወጣ። «ማይ ኔም ኢዝ ካን» በ2010 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ትኬቱ ወዲያው ነው ያለቀው። ከዚያ «ዶን 2» በርሊን ከተማ ውስጥ ተቀረፀ፣ የጀርመን የፊልም ድጋፍ ገንዘብም አገኘ፣ በ2012 ፌስቲቫሉ ላይ ታየ። የአውሮፓ መንግሥት ገንዘብ የህንድ አክሽን ፊልም ላይ ሲውል እንግዲህ ተፅዕኖ ማለት ይሄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ለምን ወደዱት ለሚለው የኔ ግምት ይሄ ነው። በምዕራብ ፊልም ወንድ ልጅ ካለቀሰ አንዲት ዘለላ እንባ ናት፣ እሷንም ዞር ብሎ ይጠርጋታል። ሻሩክ ግን ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይሞላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ እና አያፍርበትም። ይሄን የተጠማ ሰው የትም አገር አለ።

ባቡሩ ላይ የሚጨፍርበት ዘፈን አሜሪካን ፊልም ላይ አለ የሚባለውስ?

አለ። «ቻያ ቻያ» ነው። ከላይ ያልኩት «ዲል ሴ» ላይ ያለ የሙዚቃ ደራሲው የኤ.አር. ራህማን ሥራ ነው። ኦቲ በሚባለው ደቡብ ህንድ ተራራ ላይ በሚሄድ ትንሽዬ ባቡር ጣሪያ ላይ ነው የተቀረፀው፤ ሻሩክና ማላይካ አሮራ፣ ከኋላቸው የዳንሰኛ መንጋ፣ ባቡሩ እየሄደ፣ ጭሱ እየነፈሰባቸው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ በ2006 «ኢንሳይድ ማን» የተባለውን የባንክ ዘረፋ ፊልሙን የከፈተው በዚህ ዘፈን ነው። ዴንዘል ዋሽንግተን ያለበት የኒውዮርክ ፊልም በሂንዲ ዘፈን ይጀምራል ብሎ የጠበቀ ማን ነበር?

ሌላም አለ። «ዴድፑል 2» ውስጥ «ስዋዴስ» ከተባለው የሻሩክ ፊልም የተወሰደ ዘፈን ትሰማላችሁ። የማርቭሏ «ሚስ ማርቭል» ተከታታይ ላይ ደግሞ ጀርሲ ሲቲ ያደገችው የፓኪስታን ልጅ ከአንድ ልጅ ጋር የምትግባባው ስለ ሻሩክ ፊልም ሲያወሩ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አድናቂዎች እንዳታጋንኑ። አንድ ዘፈን መጠቀም ወይም ስም መጥራት የፊልም አሠራርን መለወጥ አይደለም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ እሱን እያየ ያደገ ትውልድ አሁን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስክሪፕት ይጽፋል።

አሜሪካ አየር ማረፊያ ላይ ተይዞ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ አንዴም አይደለም። የመጀመሪያው ነሐሴ 2009 ኒው ጀርሲ ኒውአርክ አየር ማረፊያ ላይ ነው። የህንድ ነፃነት ቀን ዝግጅት ላይ ሊገኝ ሲሄድ ስሙ «ካን» ስለሆነ ተለይቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠየቀ። ህንድ ውስጥ ጉድ ተባለ። ግጥምጥሞሹ ደግሞ የሚገርም ነው፤ በዚያው ወቅት እጁ ላይ የነበረው ፊልም «ማይ ኔም ኢዝ ካን» ነው፣ ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በስሙ ምክንያት የሚሰቃይ፣ አስፐርገር የሚባለው የኦቲዝም ዓይነት ያለበት ሙስሊም ሰው ታሪክ። ፊልሙ በየካቲት 2010 ሲወጣ ወሬው ስለነበረ ማስታወቂያ አላስፈለገውም።

በ2012 እንደገና ዬል ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሊያደርግ ሲሄድ ያዙት። በ2016 ሎስ አንጀለስ ላይ ሦስተኛ። የዚያን ጊዜ እየጠበቀ ሳለ ጥሩ ጥሩ ፖኬሞን እንደያዘ ትዊተር ላይ ጻፈ። ህንድ ያሉት የአሜሪካ አምባሳደርም ይቅርታ ጠየቁ።

ከሱ በፊት እነ ራጅ ካፑር፣ አሚታብ ባቻን የመሳሰሉ የህንድ ኮከቦች አልነበሩም? የሁሉም መጀመሪያ እሱ ነው ማለት አይበዛም?

ይበዛል፣ በጣም ይበዛል። ራጅ ካፑር «አዋራ»ን ይዞ በ1954 ሶቪየት ኅብረት ሲገባ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ትኬት ነው የተሸጠው። አሚታብ ባቻን ግብፅ ውስጥ ጣዖት ነበር። ራጅኒካንት ደግሞ የታሚል ኮከብ ነው፣ ሂንዲም አይደለም፣ በ1998 «ሙቱ» የተባለ ፊልሙ ጃፓን ውስጥ አድናቂ አፈራለት። ሰሜን ናይጄሪያ ያሉ የሃውሳ ፊልም ሠሪዎች ፊልማቸው ውስጥ ዘፈንና ጭፈራ ያስገቡት የህንድ ፊልም እያዩ አድገው ነው፣ ያ ደግሞ ሻሩክ ከመወለዱ በፊት የተጀመረ ፍቅር ነው። በገቢ ብቻ ካየን ደግሞ አሚር ካን «ዳንጋል»ን በ2017 ቻይና አስገብቶ ከአገር ቤት በላይ ሸጧል፤ ሻሩክ ቻይና ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላደረገም።

ሻሩክን የሚለየው ጊዜው ነው። የሳተላይት ዲሽ፣ ዲቪዲና ኢንተርኔት ሲመጡ ኮከቡ እሱ ሆኖ ተገኘ። ራጅ ካፑርን ሞስኮ ያመጣው መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ነው፤ ሻሩክን ያዳረሰው ሰው ለሰው እያዋሰ ነው።

እኛ አገርስ? የኛ ሰው መቼ ነው የለመደው?

የህንድ ፊልም እኛ አገር ከሱ በፊት ነው የገባው። ወላጆቻችንን ጠይቋቸው፣ ሲኒማ ቤት ገብተው ዓይናቸው እስኪያብጥ ያለቀሱበትን ፊልም ይነግሯችኋል። ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው ህንዳውያን መምህራንም ነበሩ፣ ስለዚህ አነጋገሩም አለባበሱም እንግዳ አልነበረም። ድሬዳዋ ወይ ጅግጅጋ ያደገ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ዘፈኑን ሳይሳሳት ሊዘፍንላችሁ ይችላል።

ሻሩክ የመጣው በቪዲዮ ቤት ዘመን ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቆ ተቀምጦ፣ ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሻሩክ ካን» ተብሎ በጠመኔ ተጽፎ፣ ቋንቋው ሳይገባን። ዘፈን ሲመጣ ሽንት ቤት የሚሄድም ነበር፣ «አታሳልፈው!» ብሎ የሚጮህም። ቆይቶ በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም መጣ፣ አንድ ሰው የአባቱንም የልጅቷንም ድምፅ ሲያወራ የምንሰማው። አሁን ደግሞ ዚ ዓለም የመሳሰሉ ጣቢያዎች በአማርኛ ድምፅ ያሳያሉ።

ሌላው መንገድ ዓረብ አገር ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ዚ አፍላምና ኤምቢሲ ቦሊውድ ላይ የህንዱን ፊልም በዓረብኛ ነው የሚያዩት። አንዳንዷ ዓረብኛውን ያሻሻለችው ከሻሩክ ጋር እያለቀሰች ነው። ስትመለስ ደግሞ ከሻንጣው ጋር ፍቅሩንም ይዛ ትመጣለች።

ለምን ገባን ካላችሁ፣ ዲዲኤልጄን መለስ ብላችሁ አስቡት። ልጁ ሽማግሌ ሳይልክ አልወስዳትም ያለ ልጅ ነው። ለንደን ላለ እንግሊዛዊ ራጅ ሞኝ ይመስለዋል፤ ለኛ ግን ጨዋ ነው። ይሄን ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም።

የኛን ፊልም ለወጠው ወይ ለሚለው ግን እጠራጠራለሁ። እንባውና ድንገት የሚመጣው በሽታ ከዚያ የመጣ ይመስላል። ዋናው ነገር፣ ታሪኩ መሐል ተነስቶ መዝፈኑና መጨፈሩ፣ አልተሻገረም፤ አማርኛ ፊልም ላይ ዘፈኑ ከኋላ ይዘፈናል እንጂ አክተሩ መንገድ ላይ ሃምሳ ሰው አሰልፎ አይጨፍርም።

ትወናውስ? ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚሉ አሉ

አንዳንዴ ልክ ናቸው። እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ አሁን ንግድ ምልክቱ ሆኗል፣ ራሱም ያውቀዋል። የተሰለቸ ፊልምም ሠርቷል፤ «ዚሮ» በ2018 ሲወድቅ ለአራት ዓመት በዋና ሚና ሳይታይ ቀረ።

ግን «ስዋዴስ»ን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በ2004 የወጣ ነው፤ ናሳ ውስጥ የሚሠራ ህንዳዊ መሐንዲስ ያሳደገችውን ሴት ፍለጋ ገጠር ይሄዳል፣ የናሳው ክፍል እዚያው ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ነው የተቀረፀው። አንድ ቦታ አለ። የተሳፈረበት ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሟል፣ ትንሽ ልጅ በሸክላ ኩባያ ውሃ በሳንቲም ይሸጣል። ሰውዬው እስከዚያ ድረስ የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ብቻ ነው። ገዝቶ ይጠጣል። በቃ። ምንም አይናገርም፣ እጅ አይዘረጋም፣ ሙዚቃው እንኳ ያዝ ያደርጋል። ከሱ ሥራ አንድ ትዕይንት ምረጥ ቢሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው፣ ባቡሩ ላይ ያለውን ጭፈራ አይደለም። «ቻክ ዴ ኢንዲያ» ላይም እንደዚያው ነው፤ የሴቶች ሆኪ አሠልጣኝ ሆኖ አንድም የፍቅር ዘፈን ሳይዘፍን ፊልሙን ተሸክሞ ይወጣል።

እና ከኢርፋን ካን ማን ይበልጣል?

አይወዳደሩም። ኢርፋን «ላይፍ ኦቭ ፓይ»፣ «ስላምዶግ ሚሊየነር»፣ «ጁራሲክ ዎርልድ» ላይ የሠራ፣ በ2020 ያጣነው ትልቅ ተዋናይ ነው። የሌላውን ዓለም ፊልም ውስጥ ገብቶ ቦታ አገኘ። ሻሩክ ከራሱ ፊልም ሳይወጣ ሌላው ዓለም ወደሱ እንዲመጣ አደረገ። የትኛው ይከብዳል ካላችሁኝ፣ ትወናውን ለኢርፋን፣ ገበያውን ለሻሩክ እሰጣለሁ፣ ተሰዳደቡ ብዬም አልቆምም።

ሽልማት አለው?

ሞልቷል። ፊልምፌር የተባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ስምንት ጊዜ ወስዷል፣ ዲሊፕ ኩማር ብቻ ነው እኩል ያለው። ፈረንሳይ በ2014 ሌዦን ዶነር የተባለውን የክብር ኒሻኗን ሰጠችው። ነሐሴ 2024 ላይ የስዊዘርላንዱ ሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ለዕድሜ ልክ ሥራው ሸልሞታል። የሚያስቀው የአገሩ ነው፤ የህንድ መንግሥት ብሔራዊ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ያገኘው በ2025 ነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ፣ እሱም «ጃዋን» በሚባል አክሽን ፊልም። ለ«ስዋዴስ» ሳይሰጡት ለ«ጃዋን»! ምን ይባላል።

«ፓታን» እና «ጃዋን» ምን ለወጡ?

ሁለቱም በ2023 ወጡ፣ እያንዳንዳቸው በዓለም ዙሪያ ከ1000 ክሮር ሩፒ በላይ አስገቡ። ክሮር ማለት አሥር ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ ከአሥር ቢሊዮን ሩፒ በላይ። አለቀለት በተባለ ሰዓት፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ነው የተመለሰው። «ጃዋን»ን የመራው አትሊ የደቡብ ህንድ ዳይሬክተር ነው፣ ያ ደግሞ ለህንድ ሲኒማ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰሜንና ደቡቡ ለዓመታት የየራሱን ሲሠራ ነው የኖረው። ከባለቤቱ ጋር በ2002 ያቋቋመው ሬድ ቺሊስ የተባለ ድርጅቱ የኮምፒውተር ምስል ሥራም ይሠራል፣ የሌሎችንም ፊልም ጭምር።

አንድም አላየሁም፣ ከየት ልጀምር?

ማልቀስ ከፈለጋችሁ «ካል ሆ ና ሆ»። ከቤተሰብ ጋር ከሆነ «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም»፣ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ቀድማችሁ ብሉ። የህንድ ፊልም አልወድም የሚል ጓደኛ ካላችሁ «ቻክ ዴ ኢንዲያ»ን አሳዩት፣ ኳስ የሚወድ ከሆነ አይንቀሳቀስም። ዲዲኤልጄ ላይ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ራጅ ሊያናድዳችሁ ይችላል፣ ልጅቷን ማስቸገሩ ዛሬ ሲታይ ደስ አይልም፤ ታግሳችሁ ፑንጃብ ድረሱ። «ስዋዴስ»ን ብቻችሁን እዩት። «ራ ዋን»ን ደግሞ ሌላው ሁሉ ካለቀባችሁ።